የወንድሜ ሚስት ላፕቶፕ

ሰኞ፣ 3

የሟች ወንድሜ ሚስት ላፕቶፗን አመጣች። መንገድ ላይ ዝናብ ይዟት በሻርፗ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። ራሷ በስብሳለች፤ ማሽኑን ጠብታ አልነካውም። ልጄ እጇን ይዛ አስገባቻትና ፎጣ ፍለጋ ሄደች።

«ሁሉ ነገሩ ደህና ነው ጋሼ» አለችኝ። «ድምፁ ብቻ ነው የጠፋው። ዓርብ ዕለት ራሱን በራሱ ሲያድስ ቆየና ከዚያ ዝም አለ።»

ሌላ ሰው ማሽኔ ድምፅ የለውም ቢለኝ ዘፈን አማረው እላለሁ። የእሷ ግን ሌላ ነው። ዐይኗ ማየት ካቆመ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለው አንባቢ ፕሮግራም የምትነካውን ፊደል ሁሉ ጮክ ብሎ ይነግራታል። በአንድ ጆሮዋ የችሎት የድምፅ ቅጂ፣ በሌላው የማሽኑን ድምፅ እየሰማች የምስክሮችን ቃል ትጽፋለች። የፍርድ ቤቱ ጽሑፍ ክፍል በኮንትራት ያሠራታል። ውሏ በሚመጣው ወር አጋማሽ ይታደሳል፤ እስከዚህ ወር መጨረሻ አሥራ አንድ ቅጂ በየሳምንቱ ከፋፍላ ጽፋ ማስረከብ አለባት። እንጀራዋ ይኸው ነው፤ ወንድሜ ሌላ የተወላት ነገር የለም።

ከፈትኩት። ተነሣ። ስክሪኑ መጣ፣ ሁሉም ይታዘዛል፣ ድምፅ የለም። ድራይቨሩ ነው። ድራይቨር ማለት በዕቃውና በማሽኑ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው፤ አስተርጓሚው ሲሳሳት ሁለቱ አይግባቡም። የግማሽ ቀን ሥራ። «ረቡዕ ትወስጂዋለሽ» አልኳት።

እንደ ልማዴ ሽቦውን ነቀልኩ፣ ባትሪውን አወጣሁ፣ አሳደርኩት። ማሽን ከመነካቱ በፊት ያለ ምንም ኃይል አንድ ሌሊት ማረፍ አለበት። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። ከሬዲዮ ዘመን ጀምሮ ራሴ የደረስኩበት ነው።

ማክሰኞ፣ 4

አልነሣም አለ። አርማው ይመጣል፣ ሰማያዊ ስክሪን ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንዲህ እየተሽከረከረ ሻዩ ቀዘቀዘብኝ። ሰዓቱም ወደ ኋላ ሄዶ የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ይላል። አስተካከልኩት።

ዲስኩ እየሞተ ነው። አርጅቷል።

ረቡዕ፣ 5

በቀጠሮዋ መጣች።

«አልነሣ ብሏል» አልኳት።

«ሰኞ ተነሥቷል ብለውኝ አልነበር?»

«ተነሥቷል። ውስጡ ግን ተጎድቶ ነበር። ሥራ ላይ እያለ ሽቦውን ነቅለሽበታል። ሳይዘጋ ኃይል ሲቋረጥበት እንዲህ ይሆናል።»

 በጣቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው።

«ይሆናል ጋሼ» አለች። «እጄ ነው። ሥራ አበዛሁብዎ፣ ይቅርታ።»

ጥፋቷን ያለ ክርክር የምትቀበል ሴት ናት። ለዚህ ሁልጊዜ አከብራታለሁ።

ዓርብ፣ 7

ዲስክ አይደለም። አውጥቼ በሌላ ማሽን አየሁት፤ ጤነኛ ነው። ፋይሎቿ ሁሉ አሉ። ታዲያ ምንድን ነው? የዲስኩ ድራይቨር? ለተመሳሳይ ሞዴል የሚሆን ሲዲ ነበረኝ። የት ነው ያስቀመጥኩት።

ቅዳሜ፣ 8

ሲዲው ተገኘ። አልረዳም። ያው ሰማያዊ።

ከመንገዱ ማዶ ስልክ የሚጠግነው ሰው፣ ነጭ ጋዋን ስለሚለብስ «ዶክተሩ» ይሉታል፣ ደጃፉ ቆሞ ሲያየኝ ሰነበተ። ዛሬ አላስቻለውም።

«አባ መመሪያ፣ ሕመምተኛው እንዴት አደረ?»

በዚህ ስም የሚጠሩኝ መመሪያ ሳላነብ ዕቃ ስለማልነካ ነው። እንደ ስድብ የሚያዩት ይመስለኛል። እኔ አላየውም።

«ይተነፍሳል» አልኩት።

«አስከሬን ምርመራ ላይ ሲደርስ ላኩብኝ» አለ። ደንበኞቹ ሳቁ።

ሥዕል በበዛበት ዓለም ንባብ ያልለመደ ሰው ምን ይላል።

ማክሰኞ፣ 11

ማታ ማታ ባትሪውን አውጥቼ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ሰዓቱን አስተካክላለሁ። ከዚያ አንድ ድራይቨር እቀይራለሁ፣ አስነሣዋለሁ፣ ሰማያዊው ይመጣል። እስካሁን ዘጠኝ ቀይሬያለሁ። የትኛውን መቼ እንደቀየርኩ በሌላ ደብተር እመዘግባለሁ። ሥራዬ ሥርዓት የለውም የሚል ቢኖር ደብተሩን አሳየዋለሁ።

ልጄ ምሳ ስታቀርብ «ፋይሎቿ ካሉ አጥፍተህ አዲስ አትጭንበትም?» አለችኝ። እሷ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ጊዜው ያለፈበት ነገር ሁሉ የሚጣል ይመስላታል። አንባቢው ፕሮግራም ከዚያ ማሽን ጋር የተቆለፈ ነው። የዐይነ ስውራን ማኅበሩ አንድ ጊዜ ነው የሰጣት፤ ለማኅበሩ የለገሱት ድርጅቶችም ዛሬ የሉም። ካጠፋሁት ማሽኑ ይነሣል፣ እሷ ግን አትነሣም። ይህን አስረዳኋት።

«እንግዲያው ለዶክተሩ አሳየው» አለች።

ሹካዬን አስቀምጬ ተነሣሁ።

ዓርብ፣ 14

ልጄ ኩሽና ሆና ከወንድሜ ሚስት ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። መስማት ፈልጌ አይደለም፤ በሩ ክፍት ነው።

«ኧረ ተዪ» ትላለች፣ «እሱ ተሳስቻለሁ ካለ እኮ ሰማይ ይደፋል። ... አይ፣ አልጠይቀውም። አንቺም አትጠይቂው። ... እሺ፣ እንዳልሽ።»

ምኑን ነው የማትጠይቀኝ? ስትወጣ ልጠይቃት አልኩና ተውኩት።

አንድ ነገር ልጻፍ። ሰኞ ዕለት ማሽኑ ጠረጴዛዬ ላይ ሲነሣ በዐይኔ አይቻለሁ። ሳይጎዳ የተነሣ ይመስል ነበር። ግን ጉዳት አንዳንዴ ዘግይቶ ነው የሚታየው። አንዳንዴ።

ሰኞ፣ 17

ይህን በደንብ እጽፈዋለሁ፣ ነገ ሌላ ሆኖ እንዳይታየኝ።

ጠዋት መጣች። ብቻዋን ነው፤ በትሯ እየመራት ደረጃውን ወጣች። የጽሑፍ ክፍሉ ኃላፊ፣ ስለ ሰው ጉዳይ ስታወራ እንኳ ቁጥር የምትጠራ ሴት ናት ይባላል፣ የዘገየችበትን ምክንያት በጽሑፍ እንድታቀርብ አዛታለች። ካሏት አሥራ አንድ ቅጂዎች አንድም አላስገባችም።

«በእጅዎ ይጻፉልኝ ጋሼ» አለች። «የእርስዎ ጽሑፍ ያምራል ይላሉ። እኔ ልንገርዎት።»

ወረቀት አወጣሁ። በስክሪብቶ ሳይሆን በቀለም ብዕር ነው የጻፍኩት።

ቀኑን፣ ለማን እንደሆነ፣ ጉዳዩን በሥርዓቱ ተናገረች። ሥራዋን ታውቃለች፤ ስንት ምስክርነት ጽፋለች። ከዚያ «ባለማወቅ ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ ሽቦውን በመንቀሌ» አለች።

ብዕሬን አነሣሁ።

«ባለማወቅ አይባልም» አልኳት። «ቢሮ ባለማወቅን አይቀበልም። በቸልተኝነት ነው የሚባለው።»

እንዲህ አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አውቃለሁ፤ የጽሑፍ ስህተት አያለሁ፣ አላልፍም። ልማዴ ነው።

«እንግዲያው በቸልተኝነት ይበሉ» አለች።

ጻፍኩት። «በራሴ ቸልተኝነት።» ከዚያ የቀኝ እጇን ሌባ ጣት ይዤ የፊርማው ቦታ ላይ አኖርኩላት። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ፈረመች፣ ቀጥ ያለ ፊርማ። እንደ ጨረሰች ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «አመሰግናለሁ፣ ያለ እርስዎ ማን ይጽፍልኝ ነበር» አለች።

ደረጃው ድረስ ሸኘኋት። ስመለስ ቀለሙ ጣቴ ላይ ነበር። ሳሙና ወሰድኩ።

ማክሰኞ፣ 18

ሥራ አልነካሁም።

ሐሙስ፣ 20

አሥራ አራተኛ ድራይቨር። ሰማያዊ። ልጄ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ ጠየቀችኝ። በጊዜ ነው የተኛሁት። እንቅልፍ የሚባለው ነገር ነው ያልመጣው፤ ያ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ሰኞ፣ 24

ዝናቡ በድንገት ወረደና የዶክተሩ ሱቅ ታዛ ሥር ተጠለልኩ። ሌላ ታዛ አልነበረም። ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የቆምኩት። ውስጥ አንዲት ሴትዮ የልጇን ኮምፒውተር አምጥታ ታስረዳዋለች።

«እማማ» ይላታል ዶክተሩ፣ «ይቺን አዩዋት? ሳንቲም የምታክለውን ባትሪ? እሷ ከሞተች ማሽኑ ኃይል ባጣ ቁጥር ማን እንደነበረ ይረሳዋል። ፋብሪካ እንደወጣ ቀን ነው የሚሆነው። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄድ የለ? እሷ ናት።»

«ሰውም ሲያረጅ እንዲህ ይሆናል» አለች ሴትዮዋ።

«ሰውስ ባትሪ አይቀየርለትም።»

ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ። ከኋላዬ «አባ መመሪያ፣ ጃንጥላ ውሰዱ እንጂ» ሲል ሰማሁት።

ማክሰኞ፣ 25

ስለዚያች ባትሪ አውቃለሁ። ስንቷን ቀይሬያለሁ። የማላውቀው ነገር ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን መጻፍ ይቀለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማሽኑ የመነሻ ገጽ ላይ ዲስኩ የሚነበብበት ሁለት መንገድ አለ፤ አሮጌውና አዲሱ። ፋብሪካው አዲሱ ላይ ነው የሚተወው። ማሽኑን መጀመሪያ የጫነላት ሰው፣ ማን እንደሆነ እንጃ፣ ወደ አሮጌው ለውጦት ነው የጫነው። ያን ምርጫ የምትይዘው ያቺ የሳንቲም ባትሪ ናት፤ እሷ ደግሞ ከሞተች ቆይታለች። ሆኖም ትልቁ ባትሪ ማሽኑ ላይ እስካለ ድረስ ምርጫው አይጠፋም። የወንድሜ ሚስት ትልቁን ባትሪ አውጥታ አታውቅም።

ያወጣሁት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ሌሊት። ከዚያ በኋላም በየሌሊቱ፣ ሃያ ሁለት ሌሊት። ጠዋት ጠዋት ሰዓቱ የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት እያለ ሲነግረኝ፣ እኔ እያስተካከልኩ አለፍኩት። ሁሉም ነገር አርባ ዓመት ወደያዝኩት ልማድ ይጠቁም ነበር፤ ወደዚያ ግን አላየሁም።

ወደ መነሻ ገጹ ገባሁ። አንድ መስመር ለወጥኩ። ተነሣ።

የድምፁን ዕቃ ቁጥር ከራሱ ከቺፑ ላይ በአጉሊ መነጽር አንብቤ ትክክለኛውን ድራይቨር ጫንኩ። አንድ ሰዓት አልፈጀም። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመና የአንባቢው ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦ «ዴስክቶፕ። አሥራ አንድ ፋይል።» ደንግጬ ተነሥቼ ቆምኩ። ልጄ ከኩሽና «ማን መጣ?» ብላ ጠየቀች።

የሳንቲም ባትሪዋንም ቀየርኩ።

ሐሙስ፣ 27

ወሰድኩላት። ጆሮዋን አስጠግታ «ዴስክቶፕ» ሲላት ፊቷ ተፈታ። ቶሎ ቶሎ ጻፈችበት። ጣቶቿ እንደ ልጅ እግር ይሮጣሉ።

«ምን ነበር ታዲያ ጋሼ?»

«ድራይቨር ነው» አልኳት።

ውሸት አይደለም። ድምፁ ድራይቨር ነበር።

ኃላፊዋ ደብዳቤውን ፋይሏ ውስጥ አስገብታዋለች። ኮሚቴው ውል ሲያድስ ፋይል ያያል አሏት። «ቸልተኝነት የሚለው ቃል አልተወደደም» አለችኝ፣ እየሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩ። ማየት አትችልም፤ ለማን ብዬ ፈገግ እንዳልኩ አላውቅም።

ረቡዕ፣ 3

ለልጄ ነገርኳት። ሰሃን እያጠበች ነበር። እስክጨርስ አልዞረችም።

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» አለች። «እኔ እኮ ፋይል የለኝም አባዬ።»

ቅዳሜ፣ 6

ወንድሜ ሚስት ቤት ሄድኩ። ቁጭ ይበሉ ብትለኝ ቆሜ ነበር የምነግራት፤ ግን ወንበር ሳበችልኝ፣ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ባትሪውን፣ ሌሊቱን፣ ሽቦ አለመንቀሏን።

አልደነገጠችም። ይህ ነው ያስደነገጠኝ።

«ባትሪ ያለው ማሽን ሽቦው ቢነቀል አይጠፋም ጋሼ» አለች። «ይህን እኔም አውቃለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር በባትሪ ነው የምጽፈው።»

 እውነት ነው። ላፕቶፕ ነው። ሬዲዮ መጠገን የጀመረ ልጅ እንኳ የማይለውን ነገር ነው ያልኳት፣ እሷም ያን ዕለት ታውቅ ነበር።

«ታዲያ ለምን እሺ አልሽ?»

«ከእናንተ ቤት ሰው ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። ወንድምዎ ነፍሱን ይማረውና እንደዚሁ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው ስል ነገሩ ቶሎ ያልቃል፤ እምቢ ስል ይረዝማል። ማሽኑን ፈልጌው ነበር ጋሼ። ብከራከርዎ ይተዉት ነበር።»

እተወው ነበር? እተወው ነበር።

«ደብዳቤውንስ?»

«ያኔ አስቤው ነበር» አለች። «ብዕርዎን ሲያነሡ እውነቱን ይነግሩኛል ብዬ ነበር። ቃል አረሙልኝ።»

ለመሄድ ወንበሩን ገፋ አደረግሁ። እሷ ግን ወረቀት አመጣችና አሁንም በእጄ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ፤ የእኔን ማብራሪያ፣ በእኔ ስም፣ ለኃላፊዋ። እያሰብኩ ጻፍኩ፣ እየጻፍኩ አነበብኩላት። «ማሽኑ የተበላሸው በእኔ አሠራር ሲሆን፣ ጥፋቱን በእሷ ላይ በማላከኬ ተሳስቻለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«ተሳስቻለሁ አይደለም። መሳሳትዎ ባትሪው ላይ ነው። እኔ ላይ ያደረጉት ሌላ ነው። ዋሽቻለሁ ይበሉ።»

«ቃሉ ከባድ ነው።»

«ቸልተኝነትም ከባድ ነበር።»

ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ተንቀሳቀሰ። «ጻፉት?» አለች። «ጻፍኩት» አልኳት። «ያንብቡልኝ።» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ፈረምኩ፤ ሰኞ ጠዋት ራሷ ቢሮ ልትወስደው አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እሑድ፣ 7

እዚህ ደብተር ላይ እስካሁን ሐሰት ጽፌ ከሆነ ሳላውቅ ነው ብዬ ነበር የምናገረው።

ትናንት ዋሽቻለሁ ብዬ ያነበብኩላት ቦታ ላይ የተጻፈው ተሳስቻለሁ ነው። አልቀየርኩትም። ብዕሩን ባዶ ቦታ ላይ አንቀሳቀስኩት፣ ድምፁ እንዲሰማት።

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው።

ሰኞ፣ 8

ሳትወጣ ልድረስባት ብዬ ገና ሳይነጋ ከቤት ወጣሁ። ደርሼ ሳንኳኳ ካፖርቷን እየለበሰች ነበር።

«ወረቀቱን መልሺልኝ» አልኳት። «ያነበብኩልሽ ያልተጻፈውን ነው።»

የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆመች። ይህን አልጠበቀችም። ቅዳሜ ሁሉን ስነግራት ያልተለወጠው ፊቷ አሁን ተለወጠ። ከንፈሯን ነከሰች። ይውጡ ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

ካፖርቷን አወለቀች። ወደ ጠረጴዛዋ ሄዳ ላፕቶፑን አስነሣች፣ ጆሮ ማዳመጫውን ነቀለች፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው።

«እዚህ ላይ ይጻፉት» አለች። «ከእንግዲህ እርስዎ አያነቡልኝም። እሱ ያንብብልኝ።»

ተቀመጥኩ። በአንድ ጣት ነው የምጽፈው። ፊደል በነካሁ ቁጥር ማሽኑ ይጠራዋል። ስሜን ጠራ። ሥራዬን ጠራ። ስሳሳት የተሳሳትኩትን ጠራ፣ ሳጠፋው «ተሰርዟል» አለ። እሷ ከኋላዬ ቆማ ታዳምጣለች። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ጎረቤቷ ልብስ እያሰጣች ነው።

«ዋ» አለ። «ሽ። ቻ። ለ። ሁ።»

ከዚያ አንድ ቁልፍ ነካችና ሙሉውን አስነበበችው። ሐዘንም ቁጣም የሌለበት ድምፅ ነው፤ የምስክሮችን ቃል የሚያነብበት ድምፅ። ሲጨርስ «እንደገና» አለችና ቁልፉን ነካች። እንደገና አነበበ። ጎረቤቷ ልብሱን ይዛ ቆማለች።

ቢሮ አብሬያት ሄጄ በእጄ ሰጠሁ። ኃላፊዋ አነበበችው፣ ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎ ምኗ ነዎት?» አለች።

«የባሏ ወንድም ነኝ።»

ተጨማሪ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር።

ማክሰኞ፣ 16

ልጄ ናት የነገረችኝ፤ ለእሷ ነው የተደወለው። ውሉ ታድሷል። ግን ለስድስት ወር ሳይሆን ለሦስት፤ የዘገዩት ቅጂዎች ዘግይተዋል፣ ደብዳቤ አያስመልሳቸውም ብለዋታል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከፋይሏ ማውጣትንም ደንብ አይፈቅድም። የኔን ከላይ አድርገው አያይዘውታል።

ፋይሏን የሚከፍት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው የኔን ነው። ይሁን። እዚያው ይቀመጥ።